«ቁጥሩ ተቀይሯል» የሚል ኢሜል ሲመጣ

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሕግ ቢሮዎችና በታይትል ካምፓኒዎች (የቤት ሽያጭ ርክክብ በሚያስፈጽሙ ድርጅቶች) ለሚሠሩ ወገኖቻችን ያደረግኩት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት አስፍሬዋለሁ፤ የደጋገምኩትን ብቻ ቀነስኩ።)

እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ ቤተሰባችሁን ትታችሁ ስለ ዋየር፣ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ ስለመላክ፣ ለመስማት ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ፓራሊጋል ነኝ፤ የጠበቃ ረዳት ማለት ነው። በሕግ ቢሮ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የመላኩ ሥራ የእኔ ነበር። ጠበቃው ይፈርማል፣ ደንበኛው ይጠብቃል፣ «ላክ» የሚለውን የምጫነው እኔ ነኝ። ዛሬ የምነግራችሁም ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

በአንድ ዓርብ ልጀምር።

ሜይ ወር ነው። ሰኞ ሜሞሪያል ዴይ ስለሆነ የቢሮው ሰው ሁሉ ልቡ ከምሳ በፊት ወጥቷል። አንዲት እናት፣ እኔ እትዬ ነው የምላቸው፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብዙ ዘመን የኖሩበትን ቤት ሸጠዋል። ክሎዚንጉ፣ ማለትም የሽያጩ መዝጊያ ርክክብ፣ ሐሙስ አልቋል። የባንክ ዕዳውና ወጪው ተቀንሶ የተረፈው 214,000 ዶላር እኛ ቢሮ የአደራ ሒሳብ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ትረስት አካውንት የምንለው ማለት ነው። ዓርብ ለእሳቸው መላክ አለብኝ።

ጠዋት ከልጃቸው ኢሜል መጣ። የእናቷን ጉዳይ ከመጀመሪያ ጀምሮ ከእኔ ጋር የምትጻጻፈው እሷ ናት። «እናቴ ባንኳን ቀይራለች፤ የድሮው ሒሳብ ላይ ችግር ስላለ እባክሽ ወደዚህኛው ላኪልን» ይላል። ከታች አዲስ ራውቲንግ ነምበር፣ የባንኩ መለያ ቁጥር ማለት ነው፣ እና አዲስ አካውንት ነምበር አለ። ከዚያ በታች ደግሞ «በለቅሶው ጊዜ ስለጻፍሽልን ነገር እናቴ አሁንም ታመሰግንሻለች» የሚል መስመር አለበት። እውነት ነው፣ ጽፌላቸው ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት።

ስልኩን አንስቼ ነበር። እሱን መቼም አልረሳውም። ስልኩን እንደያዝኩ ማሰብ ጀመርኩ። እትዬ ዕቃ እያሸጉ ነው። ልጅቷ ነርስ ናት፣ አሁን ሥራ ላይ ናት። ለአንድ ቁጥር ብዬ ላስቸግራቸው? ሐዘን ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ «አላመነችንም እንዴ» ቢሉኝስ? ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። ለዚያው ኢሜል «ቁጥሩ ትክክል መሆኑን አረጋግጪልኝ» ብዬ መለስኩ። በአራት ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ። «አዎ ትክክል ነው፣ አመሰግናለሁ» ይላል። ከምሳ በኋላ ላክሁት።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ራሳቸው ደወሉ። «ልጄ፣ ገንዘቡ ገና ነው እንዴ? አልደረሰኝም እኮ» አሉኝ። «ወደ አዲሱ ባንክዎ ነው የላክሁት» ስላቸው ትንሽ ዝም አሉና «የምን አዲስ ባንክ?» አሉ። ክው አልኩ።

ኢሜሉን ከፍቼ አድራሻውን ፊደል በፊደል አየሁት። የልጅቷ ስም ውስጥ ኤም የሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። እዚህኛው አድራሻ ላይ ግን ኤም የለም። አር እና ኤን ተጠጋግተው ነው የተጻፉት። ትንንሽ ሆነው ስክሪን ላይ ሲታዩ ቁርጥ ኤም ይመስላሉ። ያቺን ማየት ስላልቻልኩ ነው 214,000 ዶላር የሄደው።

ባንኩ ሲሯሯጥ 58,000 ዶላር ገደማ ተይዞ ተገኘ። ሌላው ወጥቷል። እትዬ ገንዘባቸውን አግኝተዋል፤ ግን በሰባት ወር ነው፣ ከፊሉን መድን ከፍሎ፣ ከፊሉን የቢሮው ባለቤት ከራሱ ኪስ አውጥቶ። እነዚያን ሰባት ወራት ልጃቸው ቤት ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ነው የተኙት። ለዚህ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ይህ በእኔ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ የሚቀበልበት አይሲ ስሪ የሚባል ክፍል አለው፤ በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣል። በ2024 በኢሜል ተመሳስሎ ገንዘብ ማዛወርን የሚመለከቱ 21,442 አቤቱታዎች ደርሰውታል፤ የጠፋው ገንዘብ 2.77 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህ የሕግ ቢሮዎች ብቻ ሳይሆን የሁሉም ዓይነት ድርጅቶችና ሰዎች ድምር ነው። ያላመለከተውን ሰው ደግሞ አይጨምርም። እንደምታውቁት የሚያፍርና የሚደብቅ ብዙ ነው።

ለምን ሕግ ቢሮ ላይ ያነጣጥራሉ? አስቡት። የሰው ገንዘብ፣ ትልቅ ገንዘብ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ አንድ ቦታ ይቀመጣል። የመላኪያው ቀን የተቆረጠ ነው፣ ሁሉም ይቸኩላል። ቤቱ መሸጡ ኢንተርኔት ላይ ይታያል፣ የክስ ፋይል ፍርድ ቤት ገብቶ ማንም ያነበዋል። ገዢ፣ ሻጭ፣ ደላላ፣ አበዳሪ ባንክ፣ ሁለት ጠበቃ፣ እኔ፤ ይህ ሁሉ ሰው ተያይቶ አያውቅም፣ ሁሉም በኢሜል ነው የሚተዋወቀው። ሌባው በመሀል አንድ ወንበር ስቦ ቢቀመጥ ማን ያየዋል?

ደግሞ የእኛ ሰው ገንዘብ ምን ዓይነት ገንዘብ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዕቁብ ጥሎ፣ ኡበር ነድቶ፣ ሌሊት ፓርኪንግ ሠርቶ ለዳውን ፔይመንት፣ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ፣ አሥር ዓመት ያጠራቀመ ሰው ነው እኛ ጋ የሚመጣው። አጭበርባሪው የሚሠራው ወደ እኛ ብቻ አይደለም። በእኛ ስም ሆኖ ለገዢው «የክሎዚንጉን ገንዘብ ወደዚህ ላክ» ብሎ ይጽፍለታል። ሰውየው የላከ መስሎት ቁልፍ ሊቀበል ይመጣል።

ሰዎቹ የሚገቡበት መንገድ ቀላል ነው። ለፊርማ የተላከ ሰነድ የሚመስል ኢሜል ይመጣል፤ ትጫኑታላችሁ፤ የማይክሮሶፍት የሚመስል ገጽ ይከፈትና ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ሰጣችሁ፣ አለቀ። ከዚያ ግን ወዲያው አይሰርቁም። ይቀመጣሉ። ያነባሉ። ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ፣ ክሎዚንጉ መቼ እንደሆነ፣ ማን ዕረፍት እንደሚወጣ ያጠናሉ። በእኔ ጉዳይ የልጅቷን ኢሜል ነበር የከፈቱት። የለቅሶውን ነገር ያወቁት ለዚህ ነው። እሷ ፓስወርዱን ለእናቷም ለወንድሟም ትጠቀምበት ነበር፤ በብዙ ቤታችን እንዲሁ ነው፣ የወላጆቻችንን ኢሜል የምንከፍተው እኛ ነን፣ ፓስወርዱም አንድ ነው።

አንድ ነገር ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገባችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ኢሜላችሁ ውስጥ ሩልስ የሚባል ቦታ አለ። ሌባው ከገባ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አንድ ትእዛዝ ያስቀምጣል። «ዋየር የሚል ቃል ያለበት ኢሜል ሁሉ ወደ አርኤስኤስ ፊድስ ፎልደር ይግባ» የሚል ዓይነት። ማናችንም ያንን ፎልደር ከፍተን አናውቅም። እዚያ ተደብቆ እየተጻጻፈላችሁ እናንተ ኢንቦክሳችሁ ጸጥ ብሏል ትላላችሁ። የማታውቁት ትእዛዝ ካገኛችሁ አትደምስሱት፤ ፎቶ አንሱትና የኮምፒውተር ባለሙያ ጥሩ። በስልክ ኮድ የሚልከውን ሁለተኛ ማረጋገጫ ያላበራችሁ ደግሞ ዛሬ ማታውኑ አብሩት። ይህን ያህል ነው ስለ ኮምፒውተሩ የምለው፤ ምክንያቱም ዋናው ቀዳዳ ኮምፒውተሩ ጋ አይደለም።

ዋናውን ለማሳየት የአንድ ሰው ጉዳይ ልንገራችሁ። ሐሽፐፒ የሚባለውን የናይጄሪያ ሰው ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዱባይ እየኖረ፣ ውድ መኪናና ውድ ልብስ ኢንስታግራም ላይ እያሳየ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተከታይ የነበረው። እውነተኛ ስሙ ራሞን አባስ ነው። ጁን 2020 ዱባይ ተያዘ፣ ወደ አሜሪካ መጣ፣ በ2021 ጥፋተኛ ነኝ አለ፣ ኖቬምበር 2022 ሎስ አንጀለስ ላይ 11 ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደበት። ካሳ እንዲከፍል ከታዘዘላቸው ሁለት ተጎጂዎች አንዱ ኒውዮርክ ያለ የሕግ ቢሮ ነው። ገንዘቡ 922,857 ዶላር። የደንበኛ የቤት ብድር ማሻሻያ ገንዘብ ነበር።

የላከችው ወይም የላከው ፓራሊጋል ነው። እንደ እኔ። ልቤን የነካው ምን መሰላችሁ? ፓራሊጋሉ ዝም ብሎ አልላከም። አረጋግጧል። የባንኩ ወደሚመስል አድራሻ ማረጋገጫ ጠይቆ ኢሜል ጽፏል። አድራሻው የሌባ ነበር። መልሱ በፋክስ መጣ፣ የባንክ መመሪያ መስሎ። ገንዘቡ ሄደ። እኔም እኮ አረጋግጫለሁ! «ትክክል ነው ወይ» ብዬ ጠይቄ በአራት ደቂቃ መልስ አግኝቻለሁ። ሁለታችንም ሌባውን «አንተ ሌባ ነህ ወይ?» ብለን ጠየቅን፣ እሱም «አይደለሁም» አለን።

ስለዚህ «አረጋግጡ» የሚለው ምክር ብቻውን ምንም አይጠቅምም። ጥያቄው በየት በኩል ነው የምታረጋግጡት የሚለው ነው። መልእክቱ በመጣበት በር ከሆነ አላረጋገጣችሁም። ኢሜሉ ላይ በተጻፈው ስልክ ከደወላችሁ አላረጋገጣችሁም። እሱ ራሱ ሲደውልላችሁ ካናገራችሁት፣ ድምፁ የምታውቁት ቢሆንም እንኳ፣ አላረጋገጣችሁም። መደወል ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ ደንበኛው መጀመሪያ ቢሮ በመጣ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጦ በሰጣችሁ ቁጥር።

እኔ አሁን የማደርገውን ላሳያችሁ። (እዚህ ላይ ቢጫ ፎልደር አነሳሁ።) ደንበኛው የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ ስልኩን እዚህ፣ ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። እዚያው ሳለ እደውልለታለሁ፣ ኪሱ ውስጥ ሲጮህ እሰማለሁ። ቀጥሎ አንድ ቃል እንመርጣለን፣ እኔና እሱ ብቻ የምናውቀው። ኢሜል ላይ አይጻፍም። አንዲት እናት የጎረቤታቸውን ውሻ ስም መርጠው ነበር። ገንዘብ ልልክ ስል በዚህ ቀይ ቁጥር እደውላለሁ፣ ቃሉን እጠይቃለሁ፣ ከዚያ የሒሳብ ቁጥሩን እሱ ያነብልኛል። ይህችን ልብ በሉ፤ እኔ አላነብለትም። እኔ ካነበብኩለት መኪና እየነዳ «አዎ አዎ እሱ ነው» ይለኛል፣ ሰው እንዲህ ነው። እሱ ሲያነብ እኔ በጣቴ አንድ በአንድ እከተላለሁ። ቼክ ደብተሩን ወይም የባንኩን ወረቀት ይዞ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ስልክ ካላነሳ አልልክም። ዓርብም ቢሆን፣ የበዓል ዋዜማም ቢሆን አልልክም። ስሙን፣ ቀኑን፣ የደወልኩበትን ሰዓት ወረቀቱ ላይ እጽፍና እፈርማለሁ። ሁለተኛ ሰው ወረቀቱን አይቶ ነው ባንኩ ሲስተም ላይ የሚያጸድቀው፤ እኔ ያስገባሁትን እኔው ማጽደቅ አልችልም፣ ከባንኩ ጋር እንዲህ ተዋውለናል። ከላክሁም በኋላ ያኑ ቀን ደውዬ መድረሱን እጠይቃለሁ።

ደንበኛውም አንድ ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተጻፈ። «የእኛ የሒሳብ ቁጥር ይህ ነው። በኢሜል፣ በቴክስት፣ በዋትሳፕ ተቀየረ ብለን መቼም አንነግርዎትም። እንዲህ የሚል ከመጣ ሌባ ነው፤ በዚህ ስልክ ይደውሉልን» ይላል።

አሁን ድምፅም ይመሳሰላል። ምስልም ይመሳሰላል። አሩፕ የሚባለው የእንግሊዝ የምሕንድስና ድርጅት ሆንግ ኮንግ ቢሮ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ የፋይናንስ ኃላፊውንና የሥራ ባልደረቦቹን ያየ መስሎት 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር፣ ወደ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ማለት ነው፣ በ15 ጊዜ ልኳል። በ2024 ነው የተሰማው። ስብሰባው ላይ የነበሩት ሰዎች በኮምፒውተር የተሠሩ ነበሩ። ለዚህ ነው የመጣላችሁን ጥሪ አትመኑ፣ እናንተ ደውሉ የምለው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ ብናውቅም ስልኩን መልሰን የምናስቀምጠው ለምንድን ነው? ይሉኝታ ነው። ሌላ ስም የለውም።

ይሉኝታ ያሳደገን ነገር ነው፣ ላጥላላው አልፈልግም። ግን አስቡት፤ ይህ ሌባ አማርኛ አያውቅም፣ ይሉኝታ የሚለውን ቃል በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም፣ የሚሠራው ግን በእሱ ነው። ትልቅ ሰው ሁለቴ አይጠየቅም። አለቃ ስብሰባ ላይ እያለ አይደወልለትም። «ጋሼ ተቆጡ» መባልን እንፈራለን። ስለዚህ ምን ይጽፋል? «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ስልክ ማንሳት አልችልም፣ ይህንን አሁኑኑ ላኪው፣ በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ በጠበቃው ስም ይልክላችኋል። እናንተ ደግሞ ጎበዝ ሠራተኛ ናችሁ፣ ቶሎ ትታዘዛላችሁ። የሚጠመደው ሰነፉ አይደለም። ታዛዡና ሰው አክባሪው ነው።

እዚህ የተቀመጣችሁ ጠበቆች፣ ለእናንተ ነው አሁን የምናገረው። አስተካክዬ ልናገር ብዬ ብዙ አሰብኩበት፣ በመጨረሻ እንዲሁ ልበለው አልኩ። ሠራተኛችሁ ደውላ «ይህን ዋየር እርስዎ ነዎት ያዘዙት?» ስትላችሁ አንድ ቀን «ምን አስጨነቀሽ፣ ላኪው አላልኩም?» ብላችሁ ከጮኻችሁባት፣ ሁለተኛ አትደውልም። ያቺ ጩኸት የቢሯችሁን በር ለሌባ ከፍታ ታድራለች። እኔ ያን ዓርብ ስልኩን ያስቀመጥኩት በደንበኛው ይሉኝታ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ባለው ወር «ደንበኛ አታሰልቺ» ተብዬ ነበር። አለቃዬ ይህንን በኋላ ራሱ አስታውሶ ነገረኝ፣ ይቅርታም ጠየቀኝ። ያን ሳምንት በጽሑፍ አንድ መስመር ለሁላችንም ላከ። «ለማረጋገጥ ብሎ ያዘገየ ማንም ሰው አይጠየቅም፤ ደንበኛው ቢቆጣ እኔ አናግረዋለሁ» ይላል። ያቺን ወረቀት ስክሪኔ አጠገብ ለጥፌያታለሁ። ለቢሯችሁ ሌላ ምንም ባትገዙ እንዲህ ያለ አንድ መስመር ጻፉ። የሠራተኛ ቁጥጥርም የደንበኛን ገንዘብ መጠበቅም በሙያ ደንባችሁ ላይ የእናንተ ግዴታ ነው፤ ደንብ 5.3 እና 1.15ን ከእኔ በላይ ታውቋቸዋላችሁ።

አንዱ ጥያቄ ሁሌ የሚነሳው «ባንኩስ? ስሙ አይመሳሰልም እኮ፣ ባንኩ አያይም ወይ?» የሚል ነው። አያይም። እኔም መጀመሪያ ሳውቅ ደንግጫለሁ። በሁሉም ስቴቶች የሚሠራው ዩኒፎርም ኮመርሻል ኮድ የሚባለው የንግድ ሕግ ምዕራፍ 4ኤ ቁጥር 207 ላይ ተቀባይ ባንክ ስሙና ቁጥሩ እንደማይገጥም በትክክል ካላወቀ በቁጥሩ ብቻ መሥራት ይችላል ይላል። ዋየሩ ላይ «ለእትዬ እከሌ» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ቁጥሩ የሌባው ከሆነ ለሌባው ይገባል።

እዚሁ እኛ አካባቢ የተፈረደ አለ። ስተድኮ የሚባል የግንባታ ዕቃ ድርጅት በ2018 «የብረት አቅራቢያችሁ የባንክ ቁጥሩን ቀይሯል» የሚል ኢሜል ደርሶት ከ550,000 ዶላር በላይ ቨርጂኒያ ባለ አንድ ክሬዲት ዩኒየን (እንደ ባንክ የሚሠራ የአባላት ተቋም) ወደተከፈተ የሌላ ሰው ሒሳብ ላከ። ስሙ ጨርሶ አይገናኝም። ክሬዲት ዩኒየኑን ከሰሰ፣ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ረታም። ማርች 2025 ግን ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚያየው አራተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው፤ ተቋሙ አለመግጠሙን በትክክል ማወቁ አልተረጋገጠም አለ። እንግዲህ እዚህ እኛ አካባቢ ያለው ሕግ ይህ ነው። ባንኩ ይጠብቀኛል ብላችሁ አትተኙ።

ሌላ የቨርጂኒያ ጉዳይ፣ ይኼኛውን በተለይ ጠበቆች ስሙት። በአንድ የሥራ መድልዎ ክስ ሁለቱ ወገኖች በ63,000 ዶላር ተስማሙ። የከሳሹ ጠበቃ ገንዘቡን ወደ ለንደን ባንክ ላኩ የሚል ኢሜል ደረሰው። ሐሰተኛ መሆኑን ያውቃል። ዝም አለ፤ ለሌላኛው ወገን አልነገረም። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመሳሳይ ኢሜል ለተከሳሽ ጠበቆች ደረሰ፣ እነሱም ላኩት። በ2016 የሪችመንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት ምን አለ? ተከሳሾቹ ከፍለዋል፣ ሁለተኛ አይከፍሉም። ኪሳራው ቀድሞ ያወቀው ወገን ላይ ነው የቀረው። ስለዚህ አንዲት አጠራጣሪ ኢሜል ካያችሁ፣ ምንም ባይጠፋም፣ ያኑ ሰዓት ጉዳዩ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ በስልክ ንገሩ። «ኢሜላቸው ተሰብሮ ነበር» እንዳንባል ብለን አንሸፋፍን።

ስለ ቼኩ ማጭበርበርም በአጭሩ። አዲስ ደንበኛ ከሩቅ አገር ይጽፋል፣ ዕዳ አስመልሱልኝ ይላል፣ ተበዳሪው የተባለው ሰው ያለ ምንም ክርክር ካሽየርስ ቼክ፣ ባንክ ራሱ የሚያወጣውን ቼክ፣ ይልካል። ቼኩን የአደራ ሒሳብ ታስገባላችሁ፣ በማግሥቱ ገንዘቡ ይታያል። ደንበኛው «ድርሻችሁን ቀንሳችሁ ቀሪውን ዋየር አድርጉልኝ» ይላል። ባንኩ ገንዘቡን አሳየ ማለት ቼኩ ተከፈለ ማለት አይደለም። ከሳምንት በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ነው ተብሎ ይመለሳል፤ የላካችሁት የሌሎች ደንበኞቻችሁን ገንዘብ ነበር። ሳይከራከር የሚከፍል ተበዳሪ ካያችሁ ቼኩን ያወጣውን ባንክ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ደውሉ።

ከደረሰስ? እግዜር አያድርስ፣ ግን ቢደርስ አትቀመጡ። ማልቀሻ ጊዜ በኋላ አለ። እኔ ያን ማክሰኞ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አለቃዬን እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ሽንት ቤት ቆሜ ነበር። እነዚያ ሃያ ደቂቃዎች እስከዛሬ ይቆጩኛል።

መጀመሪያ ለላካችሁበት ባንክ ደውሉ፤ ለቅርንጫፉ ሳይሆን ለዋየር ማጭበርበር ክፍሉ። «ይህ ማጭበርበር ነው፣ ሪኮል አድርጉ፣ ገንዘቡን አስመልሱ፣ ተቀባዩ ባንክ እንዲያግደው ጠይቁ» በሉ። ቁጥሩን አሁኑኑ ስልካችሁ ውስጥ ብታስገቡት ጥሩ ነው፤ ያን ቀን ፍለጋ ትርበተበታላችሁ። ሌላ ሰው በዚያው ደቂቃ ለተቀባዩ ባንክ ይደውል። ቀጥሎ አይሲ ስሪ ድረ ገጽ ላይ አቤቱታ አስገቡ፣ የሁለቱንም ባንክ ቁጥርና የተላከበትን ሰዓት አሟልታችሁ። ኤፍቢአይ ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚያስቆም ቡድን አለው። በ2023 ይህ ቡድን 3,008 ጉዳዮችን ይዞ፣ ሊጠፋ ከነበረው 758 ሚሊዮን ዶላር 538 ሚሊዮኑን አሳግዷል። እዚያ ቁጥር ውስጥ የሚገባው ቶሎ የጮኸ ነው። ገንዘቡ ወደ ውጭ አገር ከሄደ 72 ሰዓት ነው የሚባለው፤ ብዙ ጊዜ ግን የአገር ውስጥ ሒሳብ ውስጥ የሚያድረው ከዚያ ያነሰ ነው። ሜሪላንድ ከሆናችሁ ባልቲሞር ያለውን የኤፍቢአይ ቢሮ፣ ዲሲና ሰሜን ቨርጂኒያ ከሆናችሁ የዋሽንግተኑን በስልክም ንገሩ።

ለደንበኛውም ያኑ ቀን ይነገረው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2018 ባወጣው 483ኛ አስተያየቱ መረጃው የተነካበት ደንበኛ ይነገረው ብሏል። እኔ እትዬን ለመንገር አለቃዬን ይዤ ልጃቸው ቤት ሄድኩ። በስልክ አይሆንም አልኩት። ቡና አፍልተው ነበር፤ ጠጥተን ነው የነገርናቸው። አልጮኹም። «እኔን ነው እንዴ የሰረቀኝ አንቺን?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

አንድ ነገር ስለ መድን፤ የሙያ ጥፋት መድን አለን ብላችሁ እርግጠኛ አትሁኑ። ሠራተኛው ራሱ ተታልሎ የላከውን ገንዘብ የማይሸፍን ወይም ትንሽ ብቻ የሚሸፍን ውል ብዙ ነው። አንዳንዱ «ደውላችሁ አረጋግጣችኋል ወይ፣ ማስረጃው የታለ?» ይላል። ያ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው ወረቀት እዚህም ያስፈልጋል። ውላችሁን ሰኞ አውጥታችሁ አንብቡ።

እትዬ ባለፈው ዓመት ትንሽ ኮንዶሚኒየም ገዙ። ጉዳዩን ለእኛው ቢሮ ነው የሰጡት። የክሎዚንጉን ሰዓት ልነግራቸው ስደውል ስሜን እንኳ ሳልጨርስ ስልኩን ዘጉት። ተቆጡ ብዬ ደነገጥኩ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ የቢሮው ዋና ስልክ ጮኸ፣ ከእንግዳ መቀበያው አስተላለፉልኝ። እትዬ ናቸው። «በያዝኩት ወረቀት ቁጥር ነው የደወልኩት» አሉኝ። «አሁን ቃሉን ንገሪኝ።»